መርፌዋ የጠፋች ሰሞን

እናቴ ስኳር አለባት። በሽታው የእግሯን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል፤ ጠጠር ብትረግጥ አታውቅም፣ ጫማ ቢልጣት የምታውቀው ደሙን ስታይ ነው። ሐኪሟ «ባዶ እግርዎን መሬት እንዳይረግጡ» ብሏታል። እሷ ግን በገዛ ቤቴ ምን ያስፈራኛል ባይ ናት። እዚያ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ እኔ መርፌ የጣልኩት።

ነገሩ የጀመረው ከስልኬ ነው። አንዲት ሴት ወፍራም ወረቀት በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ቆርጣ፣ ጨርቅ አልብሳ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በእጇ እየገጠመች መርፌ የሚሰካባት ትንሽ ትራስ ስትሠራ አየሁና ልቤ ተነሳ። እኔ የምኖረው ሰሚት ነው፤ እናቴ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዊንጌት አካባቢ፣ ባደግኩበት ቤት። እሷ ዘንድ የምሄደው ለበዓል ነው፤ አንዳንዴም ለበዓሉ ማግስት፣ የታክሲ ሰልፍ ሲቀንስ። ያን ቅዳሜ የሄድኩትም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጨርቅ ፍለጋ ነበር።

አሮጌ አበባማ ቀሚሷን ሰጠችኝ። ለወረቀቱ ደግሞ ከመሳቢያ የሰርግ ጥሪ ካርዶች አወጣች፤ የተጠራችበትን ካርድ አትጥልም። «ቁረጪው፤ ሰርጉ እንደሆነ ተበልቷል» አለችኝ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ካርዱን ቆራረጥኩ፣ ጨርቁን በላዩ አጥፌ በቀይ ክር ወሰወስኩ። በእኛ ቤት መርፌ ቦታ የላትም፤ የቀሚስ ደረት፣ መጋረጃ፣ የሶፋ ክንድ፣ ያገኘነው ላይ እንሰካታለን። ስልክ ሲጠራ እኔም ሶፋው ክንድ ላይ ሰካኋት። አውርቼ ስመለስ የለችም።

ትራሶቹን አራገፍን፣ ምንጣፉን ገለበጥን። ሊመሽ ሲል «ነጠላ ጫማሽን እንዳታወልቂ» ብያት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ መርፌዋ ተረከዟ ላይ ተሰክታ፣ እሷ ምንም ሳታውቅ ወጥ ስታማስል ታየኝ። ለጨዋታ ብዬ የእናቴን እግር አስቆርጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። ሰኞም ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያማ በየቀኑ ሆነ። መጀመሪያ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዤ በጉልበቴ እድሃለሁ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቤ እግሯን አጥባለሁ፤ በጣቶቿ መሃል አደርቃለሁ፤ ውስጥ እግሯን በስልኬ መብራት አያለሁ። መርፌ የለም። ተረከዟ ላይ ግን የደረቀ ቁስል አገኘሁ።

«ይቺ ደግሞ መቼ ወጣች?»

«ለፋሲካ።»

ለፋሲካ እዚያው ነበርኩ። ዶሮዬን በልቼ፣ መርቃኝ፣ ወጥቻለሁ። ጎንበስ ብዬ እግሯን አላየሁም።

እግሯን አጥቤ ስጨርስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በሌላ መርፌ እሰፋለሁ። ተጣድፌ የገጠምኩትን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለች ታስፈታኛለች። የካርዱን ቁራጭ አንስታ ወርቃማውን ጽሑፍ እያየች «እነዚህ እንኳ ተፋተዋል» ትልና ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ሳስብ አፈርኩ።

ስፌቱ ያለቀ ዕለት፣ እግሯን ከማጠቤ በፊት፣ ወረቀቶቹን ከውስጥ አወጣሁ፤ ጥጥ ጠቀጠቅኩበትና አፉን ዘጋሁ። መዳፍ የምታህል ትራስ ሆነች። «ከእንግዲህ መርፌ እዚህ ላይ ብቻ ነው የሚሰካው» አልኳት፣ የጣለችው እሷ ይመስል።

አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ተነስታ መሳቢያውን ከፈተችና ያልተቆረጠ የጥሪ ካርድ ይዛ መጣች። ካርዱ ላይ መርፌ ተሰክታለች፤ ቀዩ ክሬ እንዳለ ነው። ነቅላ ትራሷ ላይ ሰካቻት።

«መቼ አገኘሻት?»

«ያኔውኑ፣ አንቺ እንደወጣሽ። ሶፋው ሥር ነበረች።»

ደሜ ፈላ። «በየቀኑ በጉልበቴ ስድህ እያየሽ ዝም ትያለሽ? ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

  የእግሯን ውሃ ላሞቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።