በሦስት ትንፋሽ

አጎቴ እንጨትን በሽታው ይለይ ነበር። ዓይኑን አስጨፍነው ቁራጭ ጣውላ አፍንጫው ሥር ቢያስጠጉለት፣ ጥዱን ከዝግባው፣ እርጥቡን ከደረቁ፣ አንዳንዴም ዝናብ ያገኘውን ካላገኘው ለይቶ ይናገራል። ኃላፊ በነበረበት የእንጨት ሥራ ቤት ስሙን የሚጠራ አልነበረም። ደንበኛ መጥቶ «ኃላፊው የት አለ?» ሲል፣ ከሰጋቱራው ክምር ጀርባ «አፍንጫ፣ ትፈለጋለህ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደንበኛው ግራ ይጋባል፤ አጎቴ ግን ኩራት ኩራት እያለው ይመጣል።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ገና ልጅ ሳለ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ነች፤ አባቴን ስታገባም እሱን ይዛው ነው የመጣችው። ጢሙ ሸብቶ እንኳ ከሥራ ሲገባ «በልተሃል?» ትለዋለች። «በልቻለሁ እትዬ» ይላታል፣ ሳይበላ። እሷም ምንም ሳትል ታቀርብለታለች።

የእንጨት ሥራ ቤቱ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ቶርኖ የሚባለው እንጨት እያሽከረከረ የሚያለሰልስ ማሽን ከመነሳቱ በፊት፣ አጎቴ እየዞረ «አንገት» ይላል። አንገቱ ላይ ጨርቅ ያደረገ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ስቦ አውልቆ ማሳየት አለበት። በአንድ ጊዜ ካልወለቀ ማሽኑ አይነሳም፤ ቶርኖ አንዴ የያዘውን ጨርቅ አይለቅምና። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ሲፈትሽ የኖረው እሱ ነው። የእሱን የሚፈትሽ ግን አልነበረም።

በአንድ የብርድ ወቅት እናቴ በኪሮሽ ግራጫ ሻርፕ ሠራችለት። አራተኛው ነበር። አንዱን ታክሲ ውስጥ፣ አንዱን ፀጉር ቤት፣ አንዱን የት እንደሆነ ሳያውቀው ጥሏቸዋል። «ይሄን ደግሞ እስኪ ጣለው» አለችና ሁለቱን ጫፎች አጋጥማ ሰፋቻቸው። በጭንቅላት የሚጠለቅ ሆነ።

«እንደ በሬ ቀንበር ልታጠልቂልኝ ነው?» አላት።

«በሬማ ዕቃ አይጥልም።»

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ከት ብዬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀይ እንጨት ቶርኖው ላይ አሰረና አስነሳ። አንድ ልማድ ነበረው፤ የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ሲወጣ፣ እንጨቱ ትኩስ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል። ጎንበስ አለ። ሻርፑም አብሮት ወረደ።

አጠገቡ የነበረው ባልደረባው፣ ባለ ኮላው የሚሉት፣ ማሽኑን አጥፍቶ ሻርፑን በቢላ እስኪቆርጠው አሥር ሴኮንድ አልሞላም ይላል። ደም አልነበረም። ሁሉንም ያሳሳታቸው ይሄ ነው። አጎቴ ተነስቶ ቆመ፤ በእጁ ደህና ነኝ አለ። ውሃ አመጡለት። ውሃውን ሳይቀምስ አንገቱ ማበጥ ጀመረ። ባለ ኮላው ሲነካው፣ ከቆዳው ሥር ደረቅ ሰጋቱራ እንደተጨበጠ ያለ ነገር ተንኮሻኮሸበት። ከተሰነጠቀው የአየር ቧንቧ ትንፋሹ እየሾለከ ከቆዳው ሥር ይገባ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ አንገቱን በስተው የብረት ቱቦ አስገብተውለታል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። ቧንቧው ከማንቁርት ወደ ሳንባ የሚወርድ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር ነገር ነው። እንዳይጨፈለቅ ልም አጥንት ደርዝ በደርዝ አቅፎ ይዞታል። ልም አጥንቶቹ ዙሪያውን አይገጥሙም፤ ምግብ ሲዋጥ ቦታ እንዲያገኝ ከኋላ ክፍት ናቸው። «ክፍት ባይሆኑ ጉርሻ ባለፈ ቁጥር እንታፈን ነበር» አለችኝ። ገጥሞ ስለተሰፋው ሻርፕ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን አጠበበው። ሁለቴ ሊያሰፉት ሞከሩ፤ ሁለቴም ተመልሶ ጠበበ። ቱቦው አንገቱ ላይ ቀረ።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። መናገር ሲፈልግ የቱቦውን አፍ በጣቱ ይደፍናል፤ ጥቂት አየር ወደ ላይ ታልፍና ሹክሹክታ ትሆናለች። ሦስት አራት ቃል ይላል፣ ጣቱን ያነሳል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይደፍናል። ስለዚህ ቃል ይቆጥብ ነበር። በጭንቅላቱ መመለስ የሚችለውን በአፉ አይመልስም።

ትንፋሹ በአፍንጫው ስለማያልፍ ሽታ ጠፋበት። ባልደረቦቹ ሊጠይቁት መጥተው መሬት መሬት ሲያዩ፣ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ «አፍንጫ ጡረታ ወጣ» አላቸው። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። የእሱ ሳቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ከአንገቱ እፍ እፍ የሚል አየር ብቻ ወጣ።

ብናኙ በቀጥታ ሳንባው ስለሚገባ የእንጨት ሥራ ቤቱን እንዳይረግጥ ተከለከለ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በመሮ ማንኪያ ይቀርጽ ጀመር። አንዳንዴ ቁራጩን አፍንጫው ሥር ያስጠጋውና፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

እናቴ ከአደጋው በኋላ ኪሮሽ አልነካችም። አንድ ዓመት ሙሉ የዋጠችው ጥያቄ ነበራት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የቱቦውን የውስጥ ክፍል አውጥታ እያጠበችለት፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ስፌቱ ነው አይደል የያዘህ?»

አጎቴ ጣቱን አንገቱ ላይ አደረገ። «ስፌቱን እኮ እትዬ» አለ። ተነፈሰ። «ያን ጠዋት ፈትቼው ነበር።» ተነፈሰ። «የቋጠርኩት እኔ ነኝ።»

«እውነትህን ነው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ቱቦውን ማጠቧን ቀጠለች። በሳምንቱ ኪሮሿን አውጥታ፣ ለቱቦው ስስ መሸፈኛ ሠራችለት። ማሰሪያው አንዲት ክር ናት፤ ጫፏን ነካ ሲያደርጓት ትፈታለች።

ባለፈው ዓመት ሳንባ ምች ያዘውና በአራት ቀን ወሰደው።

ሐዘኑ ረገብ ሲል ባለ ኮላው የመሣሪያ ሣጥኑን ቤቴ አመጣልኝ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ የቆየ ነው። «እህቴ እንዳታየው ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ነበር» አለኝ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።» ከመላጊያውና ከመሮዎቹ ሥር ሻርፑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። በቢላ የተቆረጠበት ቦታ ክሩ ተዘርግፏል። ስፌቱ ግን እንዳለ ነበር።

በዚያው ቀን እናቴ ደወለች። «ሣጥኑ መጣ አሉ። ሻርፑ አለበት?»

የለም ማለት እችል ነበር። «አለ፣ ነገ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ስፌቱን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ጠንካራ ስፌት ነበር።

በማግስቱ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዓይኗ ስለደከመ የምታየው በእጇ ነው። የተቆረጠውን ቦታ ዳሰሰችና ቶሎ አለፈችው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቿ መሃል እያንከባለለች ቆየች።

«የተቋጠረ ሻርፕ ይጨማደዳል» አለች። «ይሄ ቋጠሮ አያውቅም። ጫፉም ገና እንደታጠፈ ነው። መቼ ነው የፈታኸው?»

«ትናንት።»

ሁለቱን ጫፎች አጋጥማ ያዘቻቸው። «ያኔ የነገረሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«‹በልቻለሁ› ሲለኝም እንዲሁ ነበር» አለች።

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ትንፋሽ አውጥቶበት፣ አላመንኩህም ልበለው?»

ሻርፑን አራት ላይ አጠፈችውና በመዳፏ ትደባብሰው ጀመር። ፊቷን ወደ በረንዳው፣ ማንኪያ ይቀርጽበት ወደነበረው ወንበር አዙራለች። ወደ እኔ ሳትዞር፣ «በልተሃል?» አለችኝ።

«አልበላሁም» አልኳት።