የሰልዋ ቦታ

ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ላፕቶፓቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሳይሞት ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ እንድገለብጥላቸው ነው። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

ስከፍተው ዲስኩ ለሦስት ተከፍሏል፦ «አባባ»፣ «ሐሩን»፣ «ሰልዋ»። የሐሩን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሰልዋ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ባዶውን ላጥፋና ቦታውን ለሐሩን ልጨምርለት?»

«እንዳትነካው!»

እጄን ከማውሱ ላይ መንጭቀው አነሱት። ክው አልኩ። እሳቸውም በገዛ ጩኸታቸው የደነገጡ መሰሉ።

«ልጄ ፊደል ስትቆጥር ትጽፍበታለች ብዬ የለየሁላት ቦታ ነበር፤ ሳትደርስ ቀረች» አሉ ቀስ ብለው።

ባዶውን እንደ ባዶነቱ ገለበጥኩት። ከመሄዳቸው በፊት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«ስሟም አብሮ ተገልብጧል?»