መደርደሪያውና የካርቶኑ ሲባጎ

የካዛንቺስ ቤታችን ለልማት ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሰባት ወር ቢያልፈንም፣ አባቴ አንድም መጽሐፍ ከካርቶን አላወጣም ነበር። ስድስቱንም ካርቶን ራሱ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ አስሮ ሳሎኑ ጥግ ደርድሯቸዋል፤ ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም። ለምን ስለው «ነገ ከዚህም ተነሱ ቢሉን ደግሞ ላስር ነው?» ይለኛል። ካዛንቺስ ሳለን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ሰላምታ እንኳ የማይሰማው ሰው፣ እዚህ መስኮት ስር ቆሞ የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ሲያይ ይውላል። ፈራሁ። ቤት ውስጥ እያለ የሌለ ሰው እየሆነብኝ ነበር።

መፍትሔው መደርደሪያ ነው ብዬ ወሰንኩና፣ ተበታትኖ በካርቶን የታሸገ፣ ቤት ወስደው የሚገጣጥሙት የቺፑድ መደርደሪያ ገዛሁ። ሻጩ «የሚገጥም ሰው ልላክልሽ?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ዲግሪ ያላት ሴት ብሎን ማሰር ያቅታታል?

ቅዳሜ ጠዋት መመሪያውን ዘረጋሁ። ሥዕል ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም። የመጀመሪያውን ብሎን አስገብቼ መዳፌ እስኪቀላ አጠበቅኩት፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ብሎንና ቀዳዳ አልገናኝ አሉኝ። በካቻቢቴው እጀታ ደበደብኩት። መግባቱን ገባ፤ ቺፑዱ ግን ቀዳዳው ላይ ተፈረፈረ። ሳቆመው ወደ ግራ ዘመም አለ፤ በጣቴ ጫን ሳደርገው ሄዶ መጣ።

አባቴ ቆሞ አየው። «በቃ ተይው» አለኝ። «ሰኞ መጽሐፎቹን ስታዲየም ላሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እሰጣቸዋለሁ። ቢያንስ ሰው ያነባቸዋል።» ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

እንባዬን እየጠረግኩ ወርጄ የዕድራችንን ንብረት ያዥ ጠራኋቸው። የካዛንቺስ ጎረቤታችን ነበሩ፤ አሁን ሁለት ብሎክ አልፈው ይኖራሉ። አናጢ አይደሉም። ግን በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር የዕድሩን ድንኳን ብረት በብረት ገጣጥመው የሚያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ በጭቃውም፣ በዳገቱም፣ ሁለት ሰው በማያሳልፈው መንገድም። እሳቸው የተከሉት ድንኳን ሲዘም አይቼ አላውቅም።

ገና ከበሩ ሲገቡ «ማነው እንዲህ ያጠበቀው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ክንድሽስ ጎበዝ ነው» ብለው ሳቁና ሁሉንም ብሎን አስፈቱኝ። «ድንኳን ስንተክል ብረቱ ሁሉ ገብቶ እስኪቆም አንዱንም አናጠብቅም። ማለቴ፣ መጀመሪያ ይወዛወዝ፤ ቦታ ቦታውን ይያዝ። ይሄም ያው ነው።»

የተፈረፈረውን ቀዳዳ ኮላ በነከሩት የክብሪት እንጨት ጠቀጠቁት። ብሎኖቹን በጣታቸው ብቻ አስገቡ። መመሪያውን ዞር ብለው አላዩትም። ከዚያ «ሲባጎ አምጪ» አሉኝ። «ከላይ ጥግ እስከ ታች ጥግ፣ በሁለቱም በኩል በሰያፍ እንለካዋለን። እኩል ከመጣ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።»

ቤታችን ያለው ሲባጎ ካርቶኖቹ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሳቸውም ካርቶኖቹን አዩ፣ አባቴን አዩ፤ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

«አንተ ደግሞ ያለ ሲባጎ አትሠራም?» አላቸው አባቴ።

«ዓይኔን አላምነውማ። የባለቤትህን ድንኳን ስተክልም ለክቼ ነው።»

እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ጠብቆበት በጥርሱ ያዘው። ላግዘው ስል በእጁ ከለከለኝ።

ሲለኩት በአንዱ ሰያፍ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። መደርደሪያውን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ደግመው ለኩ፤ እኩል መጣ። ብሎኖቹን ያጠበቋቸው ያን ጊዜ ነው፤ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያሉ በየተራ። ስሱን የጀርባ ኮምፔርሳቶም ዙሪያውን በሚስማር መቱት። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ በሰው እውቀት እንደዚያን ቀን ቀንቼ ግን አላውቅም። ግማሽ ቀን የለፋሁበትን እሳቸው በአንድ ሰዓት ጨረሱት፤ አንዴም ሳይቆጡ።

«ከግድግዳ መያዝ አለበት፤ ድሪል እስካመጣ በዚህ ይቆይ» ብለው ግድግዳው ላይ የብረት ሚስማር መቱና መደርደሪያውን በዚያው ሲባጎ ደርበው አሰሩት። አባቴ የተፈታውን ካርቶን ወደ መደርደሪያው ጎተተ። ወፍራሞቹን ከታች፣ ስሶቹን ከላይ አደረገ። ሲመሽ ሁለተኛውን ካርቶን ፈታ። ሰኞም ስታዲየም አልሄደም።

በሳምንቱ ጋሼ ድሪላቸውን ይዘው መጡ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ያነብ ስለነበር ሰላምታቸውን አልሰማም። ሲባጎውን ሊፈቱ እጃቸውን ሲሰዱ ግን ቀና አለ።

«እሱን ተወው» አላቸው። «ከእንግዲህ ሌላ ሥራ የለውም።»