ለቅሶ ቤት በር ላይ ክላክስ የሚነፋ መኪና

ዛሬ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ለቅሶ ቤት በር ላይ መኪናዬን ስቆልፈው ክላክሱ አምባረቀ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት እናቶች በሙሉ ዞረው አዩኝ።

ይዣቸው የሄድኩት ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰርግ መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ይሄ መኪና በተቆለፈ ቁጥር ክላክስ ይነፋል። መኪናውን የሸጠልኝ ዲለር ጋ ሁለት ጊዜ ኮል አድርጌ «አጥፉልኝ» ብያለሁ። «ሴቲንጉ ለደንበኛ አይከፈትም» ነው መልሳቸው።

መኪናው የማን ሆነና ነው የማይከፈትልኝ?

እትዬ ዘውዴ ለቅሶው ላይ ትንሽ ሲቆዩ እኔ ቀድሜ ወደ መኪናው ሄድኩ። ከወር በፊት ገዝቼ ፈርቼ ያስቀመጥኳትን፣ ስልክን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ ትንሽ መሣሪያ ከመሪው ስር ሰካኋት፣ ስልኬ ላይ አፑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የነበረውን ሴቲንግ ፎቶ አነሳሁ። (ፈሪ ነኝ። መኪናው ሞቶብኝ እትዬን በአውቶቡስ መመለስ አለ እኮ!)

ከዚያ «ሲቆለፍ ክላክስ» የሚለውን አገኘሁትና አጠፋሁት። በቃ! ለዚህች ነው እንግዲህ «አይከፈትም» ሲሉኝ የከረሙት።

ዌስተን ሰፈራችን ተመልሰን፣ ቤታቸው በር ላይ አድርሻቸው ልቆልፈው ስል፣ እትዬ ቀድመው ጆሯቸውን ያዙ።

ቆለፍኩት። ዝም አለ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው እያወረዱ።

«ለቅሶ መድረስ አስተማርኩት፣ እትዬ።»

እናንተስ፣ «አይቻልም» ተብላችሁ መኪናችሁን በገዛ እጃችሁ ምን አስተማራችሁት? እስቲ ጻፉልኝ፣ ገና ብዙ የሚማረው አለው።