ኩሬውን ለማየት ወደ ሸዋ ሮቢት

ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ሰሚራ ልካኝ ነው። ሰሚራ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ያህል ቀርቷታል። በእኛ ቤት ልማድ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ እናቷ እትዬ ዘሃራ ያሉት ደግሞ ሸዋ ሮቢት ነው። ባሏ ግን «በጥቅምት፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ፣ ያውም ኩሬ ዳር? ወባ ቢይዝሽስ?» ብሎ እምቢ አለ።

«አንተ ሄደህ ኩሬውን እየው» አለችኝ። «አንተ አይተህ የነገርከውን ያምናል።»

ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ልብስ ማውለቅ ተጀመረ፦ ደብረ ሲና ላይ ጃኬት፣ አርማንያ ላይ ሹራብ። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ በዚሁ መንገድ እወርድ ነበር። ያኔም እንደ አሁኑ ከከተማው በፊት የሚቀበለኝ በመስኮት የሚገባው የእርጥብ አፈርና የሽንኩርት ሽታ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ባለባጃጁ ክንዴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ሹራብ አይቶ ሳቀ።

«ከደጋ ነህ አይደል? ለኛ ቢምቢዎች ትኩስ ደም መጣላቸው በላ!»

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ መጥራቱን የሰማሁትም ከእሱ ነው። ከተማው ትንኙን በምን ያጥፋ በሚለው ሰው ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ ኩሬው ሁሉ ይደፈን፣ ገሚሱ ኬሚካል ይረጭ ይላል።

ኩሬው

እትዬ ዘሃራ ፓፓያ ቆርጠው አበሉኝና ወደ ጓሮ ሄድኩ። ኩሬውን የቆፈሩት ሟቹ ባላቸው ናቸው፤ ከመስኖው ቦይ እየሞላ ፓፓያውንና ሎሚውን ያጠጣል። እኔና ሰሚራ ዋና የተማርነው እዚያ ነው። አንዱ ዳር ላይ ልብሳችንን እናስቀምጥበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁንም አለ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ከሣሩ ሥር፣ ከውኃው ገጽ ጋር ልክ ተጋድመው፣ ብዙ የትንኝ እጮች ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት የሌላ ትንኝ እጮች ናቸው፤ እንዲህ የሚጋደሙት የወባዋ ናቸው። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ጠለቁ። ልጅ ሆነን የዓሣ ግልገሎች መስለውን በጣሳ እየጨለፍን እናሳድጋቸው ነበር። አንድ ቀን ጣሳው ባዶ ሆኖ ስናገኘው ሰሚራ ድመቷን ከሰሰች።

እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ለሰሚራ አትንገራት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከነገርካት አትመጣም።»

ከድንጋዩ ተነሣሁና አብረን ወደ ስብሰባው ሄድን።

ስብሰባው

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የእትዬ ዘሃራ ጎረቤት ጋሽ ተፈራ ቀድመው ተነሡ። «ኩሬው ከተደፈነ ሽንኩርቴን በምን ላጠጣው? በምራቄ?»

«ይረጭ እንጂ!» አለ አንድ ባለሱቅ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብድግ አለች። «ረጭተን ነበር እኮ። ለበዓል ብላችሁ ግድግዳውን መልሳችሁ ለቀለቃችሁት። መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ቀረ፣ ትንኟ ከላይ ታርፋለች።»

«ታዲያ እንግዳ በተላላጠ ግድግዳ እንቀበል?» አሉ አንዲት ሴት፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ሠራተኛዋ ሌላ ሐሳብ አቀረበች፦ ኩሬ አይደፈን፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ኩሬውንና ቦዩን አብሮ ያድርቅ፤ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይሞታል። «እጭ ያለበት ማነው?» ስትል ግን አንድም እጅ አልወጣም። የሁሉም ኩሬ ንጹሕ ነው።

በዚህ መሀል እትዬ ዘሃራ ተነሡ።

«የእኔ አለበት» አሉ። «ወላሂ፣ ሞልቷል። ይህ ልጅ ዛሬ በዓይኑ አይቷል። ልጄ ልትወልድ ነው፤ እኔ ብቻዬን ባደርቅ የናንተው እየበረረ ይመጣባታል።»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔም... ጥግ ላይ ትንሽ ሳይኖር አይቀርም።» ከዚያ በኋላ እጆች ወጡ።

ክርክሩ ወደ ቀኑ ዞረ። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ነው ተባለ፤ በስንት ጭቅጭቅ ሰኞ ሆነ።

ሰኞ

የኩሬውን አፍ የዘጋውን ድንጋይና ጭቃ ያነሣነው እኔና ጋሽ ተፈራ ነን። ውኃው በፓፓያዎቹ መሀል ሄደ። ያን ሁሉ ዘመን ስንዋኝበት ጥልቅ ይመስለኝ የነበረው ኩሬ ወለሉ ሲወጣ ከወገቤ አይበልጥም። ትንሽ ሆድ ባሰኝ። እትዬ ዘሃራ ጭቃውን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉት።

«ሰኞ ሰኞ ይደርቃል ኢንሻአላህ። ግን ትንኟ በአንድ ወር ታልቃለች ብዬ ልጄን አልጠራም» አሉና የሚቀጥሉትን ሰኞዎች ለጋሽ ተፈራ አደራ ሰጥተው ቅቤና የገንፎ ዱቄት ማሰር ጀመሩ።

ወደ ደጋ

ማክሰኞ አብረን ወጣን። ዋሻው ጋ እትዬ ዘሃራ «መስኮቱን ዝጋው፣ ሰው እንዴት እዚህ ይኖራል?» እያሉ ፎጣቸውን ተከናነቡ። እኔ ደግሞ ስለ ኩሬው አስብ ነበር። የሄድኩት አንድ ጓሮ አይቼ መልስ ላመጣ ነው፤ ግን የአንድ ጓሮ መልስ የሚገኘው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስማማ ነው። ልጅነቴን የያዘው ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ቢጎድልም ቅር አይለኝም።

ሰሚራ በር ከፍታ እናቷን ስታይ አፏን ያዘች። ባሏ ከኋላዋ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

«ምን ታያለህ?» አሉት እትዬ ዘሃራ እየተንቀጠቀጡ። «እናቷ ቤት ትወልዳለች ብያለሁ። አሁን ቤቴ ይሄ ነው፤ ብርድ ልብስ አምጣልኝ።»