ጋሽ ምትኩ ከአባቴ የወሰደው

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ እኛ ልጆች የማንፈራው ብቸኛው ትልቅ ሰው ጋሽ ምትኩ ነበር። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ያኔ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ እንጦጦ ድረስ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዝናብ ሲያባራ የቅጠሉ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። አመሻሽ ላይ አጥር ላይ ተሰቅለን ቁልቁሉን እናያለን። ጋሽ ምትኩ የቴያትር ተዋናይ ስለነበር ከልምምድ ሲመለስ እንደማንኛውም ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም፤ መታጠፊያውን ሲያልፍ ሌላ ሰው ሆኖ ብቅ ይላል። አንድ ቀን ወገቧን የያዘች አሮጊት ነው፣ በማግስቱ ጡረታ የወጣ ሻለቃ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጠጥቶ እንዳልጠጣ ለመምሰል የሚታገል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ። የእኛ ጨዋታ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ቀድሞ ያወቀ ከረሜላ ያገኛል። ሁልጊዜ የሚቀድመን ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ነበር፤ ከረሜላውን ግን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር።

ጋሽ ምትኩና አባቴ አብሮ አደግ ናቸው። የጋሽ ምትኩ አባት ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥቶ ሴት መስሎ ሰው ማሳቁን ሲሰሙ ዕቃውን አውጥተው ደጅ አስቀመጡለት። አባቴ ያን ጊዜ ገና የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ መቀጠሩ ነው፤ የተከራያትን አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ግማሿን ለጓደኛው ሰጠው። ጋሽ ምትኩ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው ተዋናይ የሆነው። በቀበሌ ኪነት ባላገር ሆኖ ተጫወተ፣ ከዚያ ትልቁ መድረክ ላይ ወጣ። ንጉሥ ሆነ፣ ደብተራ ሆነ፣ እብድ ሆነ፣ አማት ሆነ፣ በሬዲዮ ድራማ ደግሞ ድምፁ ብቻ አገር ያዳርስ ጀመር። ቃሉን ሲያጠና አባቴ ጽሑፉን ይዞ የሌሎቹን ተዋንያን ክፍል ያነብለት ነበር። አባቴ ንግሥቲቱንም ጠላትንም በዚያው ቆጣሪ በሚያነብበት ድምፁ ነበር የሚያነባቸው። እኛ ከተወለድን በኋላም ይህ ልማድ አልቀረም፤ እኔና ያሬድ በሳቅ ስንፈርስ እሱ ምን እንዳሳቀን አይገባውም ነበር።

እናቴ ግን ጋሽ ምትኩን ብትወደውም እስከ መጨረሻው አታምነውም። አብሮን ሲበላ የሰዉን አጎራረስ፣ የሰዉን አሳሳቅ ያያል፤ ዓይኑ አያርፍም። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የወይዘሮ አስካለን ሳል ሲያስል እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥ ካፈሰሰች በኋላ፣ "አንተ ሰውዬ ዓይንህ ሌባ ነው" አለችው። አባቴ ግን "ሥራው እኮ ነው" ብሎ ተሟገተለት። ምንጊዜም ይሟገትለታል።

ያሬድ የሞተው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነው። ማጅራት ገትር በቀናት ውስጥ ወሰደው። ከዚያ ሳምንት ብዙ ነገር አላስታውስም፤ የእድሩ ድንኳን የእርጥብ ሸራ ሽታ፣ የሴቶቹ ድምፅ፣ የእናቴ ፊት። የአባቴን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። አባቴ አልጮኸም፣ ደረቱን አልደቃም። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። የኮቱን ኪስ፣ የሸሚዙን፣ የሱሪውን፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ባዶ መዳፉን ያያል፤ ከዚያ እንደገና ከኮቱ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ቁልፍ የጠፋበት መስሏቸው "ምን ልፈልግልህ?" ይሉት ነበር። ቀና ሳይል፣ በቀስታ፣ "እዚሁ ነበር እኮ" ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ይህን ሲያደርግ ያዩ ሰዎች ወደ ውጭ ወጥተው ያለቅሱ ነበር።

ጋሽ ምትኩ ከአባቴ አጠገብ አልተነሳም። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ውኃ ሲጠጣ ኩባያውን ይይዝለታል፣ ሲዝል ትከሻውን ይደግፈዋል። እኔ ልጅ ነበርኩና ደስ አለኝ፤ አባቴ ብቻውን እንዳልሆነ አሰብኩ። ጋሽ ምትኩ አባቴን ዓይኑን ሳይነቅል ሲያየው ከፍቅር የመጣ ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ቢሆን ፍቅር አልነበረበትም ማለት አልችልም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጋሽ ምትኩ ቤታችን መጥቶ አዲስ ቴያትር ሊከፈት መሆኑን፣ ከፊት ረድፍ ወንበር እንዳስያዘልን ነገረን። እናቴ ከል ለብሳ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ቴያትር መሄድ እንኳን ሊደረግ ሊታሰብም አይችልም ነበር። ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? አባቴ ግን ጓደኛው ተሳስቶ አያውቅም ብሎ ያምናልና እኔን ይዞ ሊሄድ ወሰነ። ጢሙን አልተላጨም፤ የሐዘን ጢሙን እንደያዘ ያችኑ ኮቱን ለበሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ወርደን ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሙሉ አባቴ፣ ጋሽ ምትኩ ድሮ መጋረጃው ማዶ ሆኖ እንዴት ቃሉን ያጠና እንደነበር ነገረኝ። ያሬድ ከሞተ ወዲህ አባቴ ያን ያህል ሲያወራ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ቴያትር ቤቱ አሮጌ የወንበር ጨርቅና ሽቶ ይሸት ነበር። መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ በር ከፍቶ ገባ። ልማዴ ነውና ማን እንደሆነ ለማወቅ ተንጠራራሁ፤ ወዲያው አወቅሁ። ያልተላጨ ጢም፣ የወረደ የኮት ትከሻ፣ ቆጣሪ ለማንበብ ጎንበስ ሲል የኖረ አንገት። ሰውየው ልጁ ሞቶበታል። ወንበር ላይ ተቀመጠና ኪሱን መዳበስ ጀመረ። የኮቱን፣ የሸሚዙን፣ የሱሪውን። መዳፉን ዘርግቶ አየው። "እዚሁ ነበር እኮ" አለ።

ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ ከዚያ ደግሞ አጨበጨበ። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። እጁ መሐረብ ሊያወጣ ነው መሰለኝ ወደ ኮቱ ኪስ ሄዶ መንገድ ላይ ቆሟል። ቀስ ብሎ መለሰውና ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። እስከ መጨረሻው አላነሳቸውም። ተነስተን እንሂድ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለም፤ የሰው ሥራ አቋርጦ መውጣት ነውር ነው ብሎ ይሆናል።

ሲያልቅ ጋሽ ምትኩ ፊቱ ላይ ያለውን ቀለም ገና ጠርጎ ሳይጨርስ እየሮጠ መጣ። ዓይኑ ያበራል። አባቴን አቀፈውና "እንዴት ነበር?" አለው፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

አባቴ "ለቅሶ የመጣህ መስሎኝ ነበር" አለው።

የጋሽ ምትኩ ፊት ተለዋወጠ። ከሁሉም ፊቶቹ ይህን ብቻ አይቼው አላውቅም ነበር። "ኧረ ወርቁ፣ እንዲህማ አታስብ። ለክብሩ ብዬ እኮ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ለልጅህ ነው ያለቀሰው" አለ።

"ለአንተ ነው ያለቀሱት" አለ አባቴ። እጄን ያዘኝና ወጣን። ያሬድ ሁለተኛ የሞተ መሰለኝ።

ቴያትሩ ብዙ ጊዜ ታየ። ያቺ ቃል ከአዳራሹ ወጥታ መንገድ ለመንገድ መባል ጀመረች። የመገናኛ ወያላ መልስ ሲጠየቅ ኪሱን እየዳበሰ "እዚሁ ነበር እኮ" ይላል፣ ታክሲው በሙሉ ይስቃል። ትምህርት ቤት እርሳስ የጠፋበት ልጅ ሁሉ ያንኑ ይላል። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ተሳፍረን ወያላው ሲለው ሰማን፤ አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር፣ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። ከዚያ በኋላ አባቴ ኪሱን ሲዳብስ አላየሁትም። በያሬድ ሙት ዓመት ዕለት ለቀስተኛ ሲመጣ እጆቹን አቆላልፎ ተቀመጠ። ቴያትሩን ያዩ ጎረቤቶች እጁን እጁን ያዩ ነበር። ሲጠብቁት ያውቅ ነበር፤ ቢያደርገው ጋሽ ምትኩን የሚኮርጅ ነበር የሚመስላቸው። የገዛ ልቅሶውን በሰው ተቀማ።

አልተጣሉም። ጋሽ ምትኩ ሲመጣ አባቴ ወንበር ይሰጠዋል፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ግን በፊቱ አይስቅም፣ አያዝንም፣ ቆጣሪ እንደሚያነብ ነው የሚያናግረው። ጋሽ ምትኩም ምጽዋት የተከለከለ ሰው ይመስል ጥቂት ቆይቶ ይሄድና፣ ኋላ ላይ ጭራሽ ሰፈር ቀየረ። ስሙ እየገነነ ሄደ፤ ሽልማት፣ ማስታወቂያ፣ ተከታታይ ድራማ። አንድ ቀን በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉለት ያንን ሽማግሌ ከየት እንዳገኘው ጠየቁት። መስታወት ፊት ወራት እንደቆመ፣ ከራሱ ነፍስ ቆፍሮ እንዳወጣው ተናገረ። የአባቴን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይጠራው ሲቀር፣ "አንድ ጓደኛዬ" እንኳን ሳይል ሲቀር፣ ከቴያትሩ ቀን የበለጠ ያን ጊዜ ነው የተከዳን የመሰለኝ። አባቴ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ "ድምፁን ቀንሺው" ብቻ አለኝ።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ጋሽ ምትኩ ጥቁር መነጽር አድርጎ ለቅሶ መጣ። ዕድሜ ተጭኖታል፣ ምርኩዝ ይዟል። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ሊያነሱት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው። ከፊቴ መጥቶ ተቀመጠና አለቀሰ፤ እንባው እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ልቅሶዬን ትቼ ዓይኑን እጠብቅ ነበር። መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ የት እንዳለ አይታይም። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኋቸው፣ ፊቴም ምንም እንዳያሳይ አደረግሁ። አባቴን በደንብ ሳላለቅስለት ቀረሁ።

ዛሬ ሰፈራችን ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ ተመንጥሮ ፎቅ በቅሎበታል፤ እንጦጦ መኪና እያቆሙ የሚዝናኑበት ሆኗል። ያኔ ቴያትር ለማየት ኮት ይለበስ ነበር፣ ዛሬ አልጋ ላይ ተጋድሞ በስልክ ይታያል። ያንንም ቴያትር አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። አባቴ ካሜራ ፊት ሲቆም እንደ ዱላ የሚደርቅ ሰው ነበር፤ ያሉን ፎቶዎች ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላሉ። አካሄዱን፣ ያን አንገቱን፣ እጁን የሚያሳይ አንድም የለንም። ናፍቆቱ ሲበረታብኝ በሩን ዘግቼ ያንን እከፍታለሁ። ጋሽ ምትኩን እረግመዋለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደኋላ መልሼ እንደገና አያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሳላያት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ሲያርፍ ገና ትድህ ነበር፣ አታስታውሰውም። ስልኩ ላይ ያለውን ሽማግሌ አይታ፣ እኔንም አይታ፣ "እማ፣ የሚያስለቅስሽ ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ።

የጋሽ ምትኩ ስም ከአፌ ሊወጣ ነበር። ስልኩ ላይ የሽማግሌው እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ሲሄድ አየሁ።

"አያትሽ ነው" አልኳት።