ሱሉልታ ላይ የወረደው እንግዳ

ልጄ ቡራዩ ባለው ሱቃችን ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ሰማይ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር አሳየችኝ። «አባዬ፣ ከሌላ ዓለም ፍጡራን መጥተው የሚያውቁ ይመስልሃል? ሳይንሱ ምን ይላል?»

ሳይንሱ እኔን አማክሮ አያውቅም። ግን አዴ ጫልቱ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከሱሉልታ ድርቆሽ እየገዛሁ ሰበታ ላሉ ላም አርቢዎች እሸጥ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ሜዳው አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ የጠዋቱ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞቱባቸው ወተት ሻጭ ነበሩ። እርጎ ሳያጠጡኝ ስለ ድርቆሽ ዋጋ አያነሱም፤ የጠጣ ሰው ብዙ እንደማይከራከር ያውቃሉ።

አንድ ጠዋት ወደ ድርቆሹ ክምር ስጠጋ፣ «በዚያ በኩል አትንካ ነስሩ፣ እንግዳ አለ» አሉኝ።

«ከየት የመጣ?»

«ከሰማይ። ቀስ ብሎ ወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወሬው አዲስ አበባ ካለው ልጃቸው ከቶሎሳ ጆሮ ደርሶ፣ እናቴ አእምሮዋን ነካት ብሎ፣ ላሞቹን ሸጦ ሊወስዳቸው እየመጣ ነው።

ከክምሩ ጀርባ ዞርኩ። እንግዳው ጋቢ ለብሷል፤ ፊቱ አንድ ኩባያ ወተት ተቀምጦለታል። ከየትም ይምጣ፣ ደጅ የደረሰ ሳይቀምስ አይሄድማ! ጋቢውን ስገልጠው ቀላል ነጭ ሳጥን ነው፤ ረጅም ክርና የተበጣጠሰ ላስቲክ ተያይዞበታል። ሳጥኑ ላይ «የአየር ጠባይ መለኪያ» ይላል። በፊኛ ወደ ሰማይ እንደሚላክ፣ ፊኛው ሲፈነዳም እንደሚወርድ ኋላ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ አስረዳኝ።

ቶሎሳ እንደ ደረሰ ሳይቀመጥ፣ «እማ፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አለ።

«እንግዳዬን ለማን ትቼ?»

ወደ እኔ ዞሮ «ሰማህ አይደል?» ሲለኝ፣ ሳጥኑን ከነጋቢው አሳቀፍኩት። «ተዋወቁ» አልኩት።

ጽሑፉን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ከሰማይ አልወረደም?» አሉት እናቱ።

«ወርዷል።»

«ለአገሩስ እንግዳ አይደለም?»

«ነው፣ እማ።»

«ታዲያ እብዱ ማነው? ታኢ፣ ቁጭ በል፣ እርጎ ላምጣልህ።»

ላሞቹም አልተሸጡ፣ እሳቸውም ከደጃቸው አልወጡ።

ለልጄ ይህንኑ ነገርኳት። ሳይንስ ከሌላ ዓለም ሰው ጎበኘን የሚያሰኝ ማስረጃ እስከ ዛሬ እጁ አልገባም፤ እኔም ባላየሁት ዕቃ ቀብድ አልከፍልም። ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ማንም የለበትም ብዬም አልምልም። አየሁ ያለ ሁሉ ግን ዋሾ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ልክ ነው፤ የሳተው ያየውን ነገር ስም ነው።

«እና ሄደህ ሳጥን ብቻ አገኘህ?» አለችኝ እየሳቀች።

አዎ፣ ሳጥን ብቻ። ያን ቀን ክምሩን ሳልዞር ስቄ ብሄድ ኖሮ፣ አዴ ጫልቱ የገዛ ዓይናቸውን እየተጠራጠሩ ሰው ቤት ያረጁ ነበር።